ከመርፌው በኋላ የሚጻፈው ሁሉ

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ በወታደሮች ሆስፒታል መተላለፊያ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ሴት ልጃቸው በሠራዊቱ ውስጥ ሾፌር ናት፤ በማግስቱ ከጓዶቿ ጋር የማጅራት ገትር ክትባት ልትወጋ ነው። እሳቸው ደግሞ ዋናውን ሐኪም «የኔ ልጅ ትቅርብኝ» ብለው ሊለምኑ መጥተዋል።

ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ፋይል ታቅፋ ስታልፍ አየቻቸውና ቆመች።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት? የጎረቤትዎ ልጅ ነኝ እኮ! ዩኒፎርሜን ሁልጊዜ አስረዝመው ነበር የሚሰፉልኝ።»

«አንቺ! በየዓመቱ ትመዘዢ ነበራ፤ ምን ላድርግ?» አሉ፤ ሳቃቸው ግን ከከንፈር አላለፈም።

ወጣቷ የምትሠራው ከክትባት በኋላ በወታደሮች ላይ የሚታየውን ሕመም በሚመዘግበውና በሚመረምረው ክፍል ነበር። ይህን ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ በጣታቸው ወደ ሰሌዳው አመለከቱ።

«እንግዲያ ይህን የለጠፋችሁት እናንተ ናችኋ! በመጀመሪያው ዙር መቶ አሥራ ሁለት ሰው ታመመ ትላላችሁ፤ ነገ ደግሞ የኔን ልጅ ትወጋላችሁ። ትንሽ አታፍሩም?»

«ብናፍርማ እንደብቀው ነበር። እስቲ ያንብቡት ጋሼ፤ ጥርሱን ያመመው አለ፣ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ወለም ያለውም አለ።»

«ቁርጭምጭሚት ከመርፌ ጋር ምን አገናኘው?»

«ምንም። ግን ሳንመረምር መምረጥ ከጀመርን ዋናው ነገር ያመልጠናል። ስለዚህ የሰማነውን ሁሉ እንጽፋለን። ከዚያ በቁጥር ከተወጉት እኩል የሆኑ፣ ተራቸው ያልደረሰ ወታደሮችንም እንከታተላለን። በእነሱ ላይ መቶ ስምንት ሕመም ተመዝግቧል፤ ያውም ሳይወጉ! መርፌው ራሱ ያመጣው የክንድ ሕመምና የአንድ ቀን ትኩሳት ለብቻው ተጽፏል። አንድ ልጅ ደግሞ ሰውነቱ ተቆጥቶ ትንፋሽ አጥሮት ነበር፤ ሐኪም አጠገቡ ስለነበር ዳነ። ከተወጉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይቀመጡ መሄድ የተከለከለው ለዚህ ነው።»

አዛውንቱ ድምፃቸው ወረደ።

«ታላቅየው ልጄም ወታደር ነበር፤ የክትባት ሰልፍ ላይ ቆሞ ደወለልኝ። ‹አባባ፣ ልተወው?› አለኝ። ‹ወንድ አይደለህም እንዴ? ተወጋ!› አልኩት። በዘጠነኛው ቀን ሬሳውን አመጡልኝ። በአፌ ነው የገደልኩት።»

ሰው የሚወደውን ሲያጣ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያት ሲያጣም ራሱን ይከስሳል። አዛውንቱ ይህን ክስ ለሚስታቸው እንኳ ሳይናገሩ ዓመት ከመንፈቅ ተሸክመውት ነበር።

ወጣቷ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ደንበኛ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?»

«ገልብጬ አያለኋ! ስፌቱ ከተተረተረ ጥፋቱ የኔ ነው። ጨርቁ ሳስቶ ከሆነ ግን እኔ ምን አደረግሁ?»

«የልጅዎም ነገር እንዲሁ ተገልብጦ ታይቷል። ከሠራዊቱ ውጭ የመጡ ሦስት ሐኪሞች መርምረው ውጤቱን በደብዳቤ ልከውልዎታል። አልደረስዎትም?»

«ማኅተም ያለበት ፖስታ መጥቶ ነበር» አሉ በቀስታ። «ሌላ የሐዘን መግለጫ መስሎኝ አልከፈትኩትም። ስንቱን ላንብብ?»

«በሉ ይነሱ፣ ዋናው ሐኪም ጋ እንግባ።»

ሐኪሙ መዝገቡን አውጥተው መስመር በመስመር አነበቡላቸው። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ የሳሳ የአንጎል ደም ሥር ነበረው፤ የፈነዳው እሱ ነው። መርፌው ያመጣው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ሞት በተከተቡት ላይ በዝቶ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን አልበዛም፤ በዚያው ወራት ካልተከተቡትም መካከል እንዲሁ የሞተ ነበር።

«እኔ ‹ተው፣ አትወጋ› ብዬው ኖሮስ?» ሲሉ ጠየቁ አዛውንቱ።

«ያው ነበር፣ አባቴ።»

በቀብሩ ቀን እንኳ ያልወጣላቸው እንባ ያን ጊዜ ወጣላቸው። ሐኪሙ ለምን እንደመጡ አልጠየቋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሯቸውም። ሲወጡ ትንፋሻቸው እስከ ሆዳቸው ይደርስ ነበር።

መጠራጠር ነውር አይደለም፤ ነገር ግን የጠየቀ ሰው መልሱንም ከፍቶ ማንበብ አለበት። አርባ ሆነው በአንድ ክፍል የሚያድሩትን ወጣቶች ክትባቱ ከበሽታ ይጠብቃቸዋል፤ ክትባቱን ደግሞ መዝገቡ ይጠብቀዋል፤ መዝገቡም የሚሞላው ያየውን ሳይንቅ በሚናገር ሰው ነው።

ሾፌሯ ልጃቸው ተከተበች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የክትትል ክፍሉ ስልክ ጮኸ።

«የሾፌሯ አባት ነኝ። የልጄ ክንድ መርፌው የገባበት ላይ ትንሽ አብጧል።»

«አይዞዎት ጋሼ፣ በሁለት ቀን ይጠፋል።»

«እንደሚጠፋማ አውቃለሁ፤ ማን ፈራ? ጻፊው ነው የምልሽ!»