ዕቃው ደኅና ነው፤ የታመመው ቦታው ነው

እትዬ ፅጌ፣ ዛሬ በመሸኛ ግብዣዎ የተቀመጡት ከሬዲዮዎ ፊት ሳይሆን ከእኛ ፊት ስለሆነ «ቃልህን አሳጥር» ሊሉኝ አይችሉም። የአምቡላንሱ ሾፌር መሳፍንት ነኝ፤ ዛሬስ እንደ ልቤ አወራለሁ።

የግቢያችን ጥበቃ ደምለው ይመስክር፤ እትዬ ፅጌ ሥራ የጀመሩ ዕለት በር ላይ የያዛቸው እሱ ነው። የመገናኛ ሬዲዮውን ታቅፈው ሲወጡ አየና፣ «ሴትዮ፣ የመንግሥት ንብረት ታቅፎ ወዴት ነው?» አላቸው። «የሚሰማበት ቦታ ፍለጋ» አሉት። ያ ሬዲዮ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ተቀምጦ ሹ ሲል ስለከረመ፣ ተበላሽቷል ብለን ልንጥለው ነበር። እሳቸው ጉብታው ላይ ካለችው ክፍል አስገቡት፤ አንቴናውንም ከጣሪያው በላይ አሰቀሉት። ያው ሬዲዮ አምበር ከተማ ያለውን መኪና እዚህ ደብረ ማርቆስ ቁልጭ አድርጎ አሰማን። «ዕቃው ደኅና ነው፤ የታመመው ቦታው ነው» አሉን።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው «ጉብታ ነህ ገደል?» ሆኖ ቀረ። እኔማ ባለቤቴ የብርጓል አልሰማ አለችኝ ብዬ ባማክራቸው፣ «ቦታ ቀይራ! ጠላ ቤት ሆነህ ማን ይሰማሃል?» አሉኝ።

እንግዲህ ቀልዱ ይብቃ። አምና ክረምት፣ ከደብረ ኤልያስ ወደ ዓባይ ቆላ በሚወርደው መንገድ፣ ምጥ የያዛት እናት እንደጫንሁ ጭቃ ያዘኝ። ብጣራ፣ ብጣራ፣ መልሱ ሹ ብቻ። የተተውን መሰለኝ። በኋላ ቃልዎ ትዝ አለኝ፦ «ዝም ስንልህ አልተውንህም፤ ተራራው መሃላችን ገብቶ ነው። ከፍ በል።» አዋላጇን ከእናቲቱ ጋር ትቼ፣ የእጅ ሬዲዮውን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ ድምፅዎ ገባ፦ «መሳፍንት፣ ይሰማል? መሳፍንት፣ ይሰማል?»

ድምፅዎ ሻክሮ ነበር። ለካ እኔ ገደል ውስጥ ሆኜ ተተውን ስል፣ እርስዎ ሳያቋርጡ ሲጠሩኝ ነበር። ትራክተር አስላኩልን፤ እናትም ልጅም ተረፉ። እትዬ ፅጌ፣ እግዜር ይስጥልን። ያን የሻከረ ድምፅ እስክሞት አልረሳውም።

አሁን የሚገቡበት የእናትዎ አገር ስልክም የማይደርስበት ሸለቆ ነው አሉ። ዝም ቢሉን ረሱን አንልም። እርስዎም ዝም ብንል ረሱኝ እንዳይሉ፤ ዳገቱን ወጥተን እንጠራዎታለን። ዕድሜው ከጤና ጋር ይሁንልዎ፤ ደጅዎ ሰው አይጣ።

በሉ ብርጭቆአችሁን አንሱ። ተቀምጣችሁ አይደለም፤ ቁሙ፣ ከፍ በሉ!

እትዬ ፅጌ፣ ይሰማል?