ደንገል ከቆርቆሮው ሥር

የጓደኛዬን የሪሃናን አባት ቤት ለመለካት ሜትሬን ገና ከመዘርጋቴ፣ አንድ ሽማግሌ ነጭ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከጣና ዳር እየተጣደፉ መጡ።

«ካርታ አለው!» አሉ ገና ከሩቅ። «ይህ ቤት ካርታ አለው፤ ግብሩም ተከፍሏል! ማን ልኮሽ ነው የምትለኪው?»

እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር ስገናኝ አፌ ቶሎ አይፈታም። «አይ፣ እኔ እንኳ...» ብዬ ቆምሁ።

«አብዱልሃኪም! ድረስልኝ! ሊያፈርሱን መጥተዋል!»

ከአጥሩ ማዶ የዓሣ መረብ ሲጠግኑ የነበሩት ጎረቤት ቀና ብለው አዩኝ። «ይቺ ልጅ ብቻዋን በምን ታፈርሰዋለች፣ ሱሌማን? በሜትሯ?»

ይሄኔ ሪሃና ሕፃን ልጇን ሱምያን ታቅፋ ከቤት ብቅ አለች። «አባባ፣ ምን ሆኑ? ማኅሌት ናት እኮ! ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረችው። ስለ ቤት ግንባታ ስለምታውቅ እኔ ነኝ የጠራኋት።»

ጋሽ ሱሌማን ኮፍያቸውን ደፉ። «አስደነገጥሽኝ ልጄ። ሜትር የያዘ ሰው እኮ ደግ ወሬ ይዞ አይመጣም።»

«ይቅርታ ጋሼ። መጀመሪያ ሰላም ማለት ነበረብኝ» አልሁ፤ ወደ ቤትም ገባን።

ጋሽ ሱሌማን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል እያጨዱ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ተወልደው ያደጉትም በደንገል ጎጆ ውስጥ ነው። ይህን የብሎኬት ቤት ያሠሩት በቅርቡ ነው። ጣሪያው ከሐይቁ ላይ ሆኖ የሚታይ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው በታች ግን ኮርኒስ የለውም፤ መስኮቶቹም ጠባብ ናቸው። ወሩ ሚያዝያ፣ ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበርና ደጃፉን ስሻገር ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቷል። ቬንትሌተሩ ያንኑ የጋለ አየር ከጥግ ወደ ጥግ ያመላልሳል። የሱምያ አንገት በሙቀት ሽፍታ ቀልቷል።

ሪሃና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። «እንቅልፍ የላትም። ካሚል ዓባይ ማዶ ቤት ተከራይቶ ቁልፍ ተቀብሏል።» ካሚል ባሏ ነው፤ ወደ ደቅ ደሴት ሰው የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ይነዳል። «እናቴ ከሞተች ወዲህ አባባ ያለ እኛ ማንም የላቸውም። ‹ሂዱ፣ ልጅቷ ትብሳለች› ይሉናል፤ ግን ይህን ካሉ ጀምሮ እህል አይቀምሱም። መላ የለውም?»

«አለው። ደጅ ላይ ቆሟል።»

በክፍቱ በር በኩል ዛፍ ተደግፈው የሚደርቁ ታንኳዎች ይታዩ ነበር። ሪሃና አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች። «ደንገል? እንኳን ሊሠሩት ስሙን ቤት ውስጥ እንድናነሳው አይፈልጉም።»

ልክ ነበረች። ጋሽ ሱሌማን ዙህር ሰግደው ከአንድ ታንኳ ጥላ ሥር ሲቀመጡ አጠገባቸው ተቀመጥሁና፣ ከቆርቆሮው ሥር የደንገል ኮርኒስ ቢሠራ፣ ከላይም የአየር መውጫ ቀዳዳ ቢከፈት ቤቱ እንደሚቀዘቅዝ ነገርኋቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«የት ነው ያደግሽው ልጄ?»

«መሸንቲ ነው።»

«በምን ቤት?»

«በቆርቆሮ ቤት።»

«እንግዲያ አታውቂውም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ‹የደንገል ቤት ልጅ› እያሉ ከወንበር ያስነሱኝ ነበር። የሪሃና እናት፣ አላህ ይዘንላትና፣ ምኞቷ አንድ ቀን እንኳ ቆርቆሮ ሥር ማደር ነበር፤ አልደረሰችበትም። አሁን ያንን ደንገል በገዛ እጄ መልሼ ላስገባው? ወላሂ አላደርገውም!»

የተናገሩት ስለ ሙቀት አልነበረምና በሙቀት ወሬ ብመልስላቸው አይሰሙኝም ነበር። እኛ የተማርነው ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰው አዲስ ነገር እምቢ ሲል አላወቀም እንላለን፤ ያ ነገር ምን እንዳስከፈለው ግን አንጠይቅም።

«ቆርቆሮውን ማንም አይነካውም» አልሁ ቆይቼ። «የደከሙበት ነው፤ ዝናብን እሱን የሚያህል የሚከላከል የለም። ለፀሐይ ግን ቀጭን ብረት ነው። የተቀበለውን ግለት ሁሉ ወደ ታች ያወርደዋል።»

«ሁለተኛ ቬንትሌተር እገዛለሁ።»

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉ ጋሽ አብዱልሃኪም ከአጥሩ ማዶ። «ሁለቱም እንዳንተ ደረታቸውን ነፍተው ይቆማሉ እንጂ አይነፍሱም!»

«አንተ መረብህን ጠግን!»

ሳቄን ዋጥሁና «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጋሼ? ቤትዎ እዚያ ቆሞ ሳለ ለምን እዚህ ተቀመጡ?» አልሁ።

«ጥላ ስላለ ነዋ።»

«የቤትዎ ጣሪያም እኮ ጥላ ነው።»

ጋሽ ሱሌማን ቀና ብለው ጣሪያቸውን አዩ። ጎረቤታቸው ግን መረቡን ጥለው ሳቁ። «ቀኑን ሙሉ ደንገል ሥር ተወሽቆ ይውላል፤ ከዚያ ደንገል አልፈልግም ይላል! ለጀርባህ ያላፈርህበትን ለጣሪያህ ታፍርበታለህ?»

ከዓሣ ማድረቂያው አጠገብ ከቤቱ ሥራ የተረፈ አንድ ቆርቆሮ ተደግፎ ነበር። እሱም ታንኳውም ከጧት ጀምሮ ያንኑ ፀሐይ ሲጠጡ ውለዋል። ጋሽ ሱሌማን እጃቸውን ከቆርቆሮው ኋላ፣ በጥላው በኩል እንዲያሳርፉ ለመንኋቸው። ገና ከመንካታቸው «ኧረ!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ቀጥሎ ታንኳውን ነኩት። እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ይህ ለምን ሆነ?» አሉኝ።

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ። ታንኳ ለምንድን ነው የማይሰጥመው?»

«የደንገል ሆዱ ነጭ ነው፤ አየር የቋጠረ። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ለዚህ ነው እያወጣን የምናደርቀው።»

«ሙቀቱንም የሚያግደው ያው የቋጠረው አየር ነው። ውሃ ላይ ሰው ይሸከማል፤ ጣሪያ ሥር ደግሞ ፀሐይን ይሸከምልዎታል።»

የደንገሉን ጀርባ ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ጥያቄ ሁሉ ሥራውን ማሰብ የጀመረ ሰው ጥያቄ ነበር።

«እሺ፣ እሳትስ? ደረቅ ደንገል እኮ ክብሪት ነው።»

«እውነትዎን ነው። ስለዚህ ማድ ቤት አናስገባውም። የላይኛው ፊቱ በጭቃና በኖራ ይለሰናል፤ የመብራቱ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሄዳል፤ አምፖሉም ወርዶ ግድግዳ ላይ ይሆናል።»

«አይጥስ?»

«ጠርዙን ሁሉ በወንፊት ሽቦ እንዘጋዋለን።»

«ደግሞ ከላይ ቀዳዳ እከፍታለሁ ብለሻል። ልጅቷን ንፋስ ሊመታት ነው?»

ይህን ሲሉ በሩ ላይ የቆመችው ሪሃናም ሱምያን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት። በአገራችን ለሕፃን ከሁሉ በላይ የሚፈራው ንፋስ ነው። ከእሱ ለማዳን ስንል መስኮት ዘግተን፣ ጋቢ ደርበን እናፍናቸዋለን። የጋለ ክፍል ግን ሕፃንን እንደሚያደክም ሪሃና በዓይኗ እያየች ነበር።

«ቀዳዳው በቆርቆሮውና በደንገሉ መካከል ነው ጋሼ። ንፋሱ የጋለውን አየር ይዞ በላይዋ ያልፋል እንጂ እሷ ጋ አይወርድም። መስኮቱን ግን ጧት ጧት ክፈቱላት። የታፈነ አየርም ያሳምማል።»

ጋሽ ሱሌማን ቤታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «የልጅቷ ክፍል ብቻ» አሉ በመጨረሻ። «ካልሆነ ግን ሜትርሽን ወርሼ ነው የማስወጣሽ!»

«ለሙቀቱ ቆርቆሮውንም ከላይ ነጭ ቀለም ብንቀባው...»

«ቆርቆሮዬን አትንኪ! የሚያብረቀርቀው ይብረቅርቅ።»

በዚህ አልተከራከርሁም። ካሚል ከደቅ ሲመለስ የአማቱን ውሳኔ ሰምቶ ተገረመ፤ ነገር ግን «አንድ ክፍል ስለተሠራ ብዬ ቁልፉን አልመልስም። ግንቦት እስኪገባ እጠብቃለሁ፤ ልጄ ካልተኛች እንሄዳለን» አለ። ጋሽ ሱሌማን ማጭዳቸውን ይዘው ወጡ።

ያጨዱት የበሰለውን ብቻ ነው፤ ሥሩን አልነኩም፣ እንዲያቆጠቁጥ። በደንብ እስኪደርቅ ጠበቁት። ከዚያም ታንኳ እንደሚሰፉት አድርገው አጥብቀው ሰፉት፤ አንዱን ንብርብር በቁመት፣ ሌላውን በአግድም። ከታች በኩል የሚታየውን ፊት ማንም ሳይጠይቃቸው በጥልፍ መልክ ሠሩት። ጋሽ አብዱልሃኪም ኖራውን እየበጠበጡ «ያልፈለገው ሰው አስጌጦ ይሠራል እንዴ?» ይሏቸው ነበር። እኔና ካሚል በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት አሰፋን፤ ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ጫፍ የአየር መውጫ ከፍተን በወንፊት ሸፈንን።

ኮርኒሱ ካለቀ በኋላ ባለው ጁምዓ፣ ወንዶቹ ከሶላት ሲመለሱ፣ ፀሐይ ገና አናት ላይ ሳለች፣ መብራት ጠፋ። በሳሎን ቬንትሌተሩ ተንቀራፎ ቆመ። ካሚል ላቡን እየጠረገ ተነሥቶ ወደ ሱምያ ክፍል ገባ፤ ሪሃናም ተከተለችው። ቀስ በቀስ ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ እዚያች ክፍል ተሰበሰብን። ጋሽ አብዱልሃኪም «ለማየት ብቻ ነው» ብለው ገብተው ምንጣፉ ላይ ተዘረጉና «ከዚህ የሚያስነሳኝ የለም» አሉ። አምፖል የለም፤ ግን በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ክፍሉን ሞልቶታል።

ሱምያ ተኝታ ነበር። በቀትር፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ጭልጥ ብላ።

ጋሽ ሱሌማን ከመስጊድ ዘግይተው ተመልሰው መጨረሻ ላይ ገቡ። ልጅቷን አዩ። በርጩማ ላይ ወጥተው መዳፋቸውን ኮርኒሱ ላይ አሳረፉ፤ እንደዚያን ቀን አልሰበሰቡትም። እዚያው በርጩማው ላይ እንደቆሙ ተናገሩ።

«ያሳፈሩን ሰዎቹ ናቸው። ደንገሉ ምን አደረገ?»

ከዚያም ወርደው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ያ ነጭ ቀለም የት ነው የሚሸጠው?»

ጋሽ አብዱልሃኪም እየሳቁ ጭብጨባውን አቀለጡት፤ ሪሃና «ልጅቷን እንዳይቀሰቅሷት!» ብላ እጃቸውን ያዘች። ሱምያ ግን አልነቃችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬ በኩራት ነው የምናገረው። ኮርኒሱ ለሁሉም ክፍል ተሠራ፤ ቆርቆሮውም ነጣ። ሁለተኛው ቬንትሌተር አልተገዛም፤ አንደኛውም አብዛኛውን ቀን ጥግ ይዞ ይውላል። ቀን አምፖል ማብራት ቀርቷል። የሱምያ ሽፍታ ጠፋ። ዝናብ ሲመታው የሚያደነቁረው የቆርቆሮ ጩኸት እንኳ ቀንሷል። ይህ ሁሉ የመጣው ከሩቅ አገር በተጫነ ዕቃ አይደለም፤ ከደጃፋቸው በበቀለ ተክል፣ በኖራና በጭቃ፣ በራሳቸው እጅ ነው። በእርግጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቆርቆሮው እንዳያፈስ ማየት፣ የተሰነጠቀውን ልስን መጠገን ግድ ነው። ቢሆንም ይህ ታንኳን እያወጡ ከማድረቅ አይከብድም፤ ያንን ደግሞ እዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም። አሁን ጎረቤቶች ኮርኒስ እንዲሰፉላቸው ጋሽ ሱሌማንን በወረፋ ይጠብቃሉ። እሳቸውም እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት ቆርቆሮውን አይደለም፤ ቀና በሉ ይላሉ።

መብራት በጠፋበት በዚያ ጁምዓ ማታ ጋሽ ሱሌማን ከልጃቸው ጋር አንድ ገበታ ቀርበው እስኪጠግቡ በሉ። በማግስቱ ካሚል ባጃጅ ተሳፍሮ ዓባይ ማዶ ሄደ፤ የተከራየውን ቤት ቁልፍም ለአከራዩ መለሰ።