የአናጢው ሠላሳ አራት ሴንቲሜትር

ማክሰኞ ከሰዓት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ሳቀና፣ ጎረቤቴን አናጢውን ሁለት ልጆቻቸው በወንበር ተሸክመዋቸው ሲያልፉ አገኘኋቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው አራት ወራቸው ነው። ልጆቹ አባታቸው አይድኑም ብለው ወርክሾፑን በወሩ መጨረሻ ሊዘጉት ተነጋግረዋል።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«መራመድ ልማር።»

ደሜ ፈላ። ሰውን ተሸክሞ መራመድ ወደሚማርበት መውሰድ! አባትን ማክበር የምንለው ይህንን ነው። ተከትያቸው ክሊኒኩ ገባሁ።

እንቅስቃሴ የምታሠራቸው የእህታቸው ልጅ ናት። ካርዳቸው ላይ «ፕሮግረስ» ብላ ጻፈች።

«ይሄን ቃል ተይው ልጄ» አሉ። «በየስብሰባው ፕሮግረስ ሲሉን ይውላሉ፤ መንገዳችን ያው ጭቃ ነው። እኔም ያው ነኝ።»

እውነታቸውን ነው። ቃሉን ያረከሱት ከተቀመጡበት ሳይነሱ የሚደሰኩሩበት ናቸው።

«ቃሉ ምን አጠፋ አጎቴ? በእንግሊዝኛ ወደፊት መራመድ ማለት ነው። ለሚያገግም በሽተኛም፣ ለሚሠራ ቤትም ይሉታል። ላለቀ ነገር ግን አይሉትም፤ ጣሪያው ተመቶ ቁልፍ ከተረከቡማ ቤት ነው። እርስዎ ገና ግድግዳ ላይ ነዎት።»

«ምላስሽ መጋዝ ነው። እኔ የማምነው ሜትሬን ብቻ ነው።»

«እሱኑ ያውጡት።»

ወለሉ ላይ መነሻ መስመር አለ። በመጀመሪያው ቀን ግራ ተረከዛቸው ያረፈበት ቦታ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። የብረት መደገፊያውን ይዘው ከመስመሩ በግራ እግራቸው አንዴ ተራመዱ፤ እሷም አዲሱን ቦታ በጠመኔ አሰመረች። ተቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ በደህና እጃቸው ለኩ። ፕላስተሩ ከመስመሩ አሥራ አንድ ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ ጠመኔው ሠላሳ አራት። ደግመው ለኩ።

ፕሮግረስ የሚለውን ቃል በስንት መጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ ወለል ላይ ተሰምሮ ሳየው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

«የወርክሾፔ ደረጃ ስፋቱ ሠላሳ ሴንቲሜትር ነው፤ እግሬ ይደርስበታል» አሉ። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ልጆቹ ሊያነሷቸው ወንበሩን ያዙ።

«ተዉ። ባዶውን ከኋላዬ አምጡልኝ፤ ሲደክመኝ እቀመጥበታለሁ። ወርክሾፑንም አትዝጉ።»

በከዘራና በእህታቸው ልጅ ክንድ ተደግፈው ወጡ። የሚንቀሳቀስ እግር ይጠነክራል፤ የሚሸከሙት ሰው ግን ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጀርባው ይቆስላል፣ ልጆቹም ሥራ ይፈታሉ። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ወንበሩን መሬት ማስቀመጥ ይበቃል።

ከክሊኒኩ እስከ ሰፈራችን አሥር ደቂቃ የማይሞላው መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ማናችንም ፍጠኑ አላልናቸውም።