ወላጅ አምጪ

ካዛንቺስ፣ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ እያለሁ ነው። ከክፍል ፎርፌ ኦሎምፒያ ሰፈር ስዞር ተያዝኩና የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር "ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ከየት ላምጣ? በቃ፣ ትምህርቱን ልተወው ብዬ ከላዬ ባለው አልጋ ለምትተኛው፣ በሁለት ዓመት ለምትበልጠኝ ለሄለን ብቻ ነገርኳት። ጠዋት ነጠላ አጣፍታ "ተነሺ፣ እንሂድ" አለችኝ።

ዳይሬክተሩ ሲያዩዋት ሳቁ። "አንቺ ነሽ ወላጅ?"

"አዎ። ሒሳብ የማስጠናት እኔ፣ ስታለቅስ የማባብላት እኔ። ሌላ ማን ይምጣልዎት?"

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረው "በይ፣ ክፍል ግቢ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፎርፌ አላውቅም። እናት ብትሆን እዋሻት ነበር፤ ከላዬ የምትተኛን ልጅ ግን እንዴት ብዬ?

ዘንድሮ ስመረቅ አንድ የወላጅ ጥሪ ካርድ ሰጡኝ። "ከየት ላምጣ?" አላልኩም።