የግራጫዋ ባዝራ የኋላ ኮቴ

ደረት የሚደርስ መሰናክል ስትዘል የኖረችው ግራጫ ባዝራ፣ አሁን ከጉልበት በማያልፈው ፊት ቀጥ ብላ የምትቆመው ምን ነክቷት ነው? አርባ ዓመት የፈረስ ጫማ ሲመቱ የኖሩት አዛውንት ጥያቄውን ጠዋት ማታ ቢያመላልሱትም መልስ አጡለት። ባለቤቷ ግን አልቸገረውም። «ሰንፋለች፤ ቅዳሜ ለጋሪ ትሸጣለች» ብሎ ቆረጠ።

ሐሙስ ዕለት አዛውንቱ ሞረዳቸውን ይዘው ከጋጣው ሲወጡ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የእንስሳት ሕክምና ባሕር ማዶ ተምራ ከተመለሰች ወር አልሞላትም፤ ለዚያው ለፈረሶቹ ጋጣ የሥራ ማመልከቻ ልታስገባ መጥታ ነበር።

«አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ? ያቺ ባዝራ ያማታል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ! ገና ከመድረስሽ በሽተኛ ፍለጋ?»

«ስትራመድ አየኋት። የኋላ ኮቴዋ ጫፉ ቀድሞ ነው መሬት የሚነካው። በጣም አስረዝመውታል።»

«ሆን ብዬ ነዋ! ረዘም ሲል መሬቱን ቆንጥጦ ይገፋል። አያትሽም እንዲህ ነበር የሚሞርዱት።»

«አያቴ የሞረዷቸው ዘላይ ፈረሶች ነበሩ?»

«የጭነት ነበሩ። ቢሆንስ? ፈረስ ፈረስ ነው።»

«ለመሆኑ ጫማውን ከመቱላት በኋላ ስትራመድ አይተዋት ያውቃሉ?»

«የኔ ሥራ ከቆመ ፈረስ ጋር ነው። መራመዱን ለባለቤቱ ትቼለታለሁ» ብለው ሳቁ።

ሳቁ እንጂ እውነታቸውን ነበር። ፈረስን የሚያውቁት ጎንበስ ብለው፣ እግሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው ነው። ይህ የእሳቸው ብቻ ጉድለት አይደለም፤ የሠራነውን ሥራ ከእጃችን ከወጣ በኋላ የምንከተል ስንቶቻችን ነን?

ልጅቷ ባዝራዋን ከጋጣው ደጅ ባለው ሲሚንቶ ላይ አስነድታ በስልኳ ቀረጸችና አዘግይታ አሳየቻቸው። መጀመሪያ ጫፉ ነካ፤ ተረከዙ ዘግይቶ ዱብ አለ። ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

«ስልክሽ ቀጣፊ እንዳይሆን።»

«እንግዲያው ወገቧን ጫን ያድርጓት።»

ጫን ሲሏት ባዝራዋ ወገቧን ዝቅ አድርጋ ሸሸች።

«ጫፉ ረዝሞ ተረከዙ ሲያጥር ጅማቷ ይወጠራል፤ ሕመሙ ወገቧ ድረስ ይወጣል። ለዝላይ የምትነሣው ደግሞ በኋላ እግሯ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሙሉ በሙሉ አይደለሁም። የተማርኩበት አገር መሬቱም ፈረሱም ሌላ ነው። ግን እንሞክር።»

ከትምህርቷ ሁሉ ይልቅ አዛውንቱን የረታቸው ይህ «አይደለሁም» ነበር። ጫማውን ነቅለው ጫፉን በጥንቃቄ አሳጠሩና መልሰው መቱላት። ከዚያ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ቆመው ፈረስ ሲራመድ ተመለከቱ። ኮቴው ከቀድሞው ይልቅ ለጥ ብሎ ዐረፈ።

«በየስድስት ሳምንቱ እንዲህ ቢስተካከል» አሉ፣ ትምህርቱን ከእሷ ቀምተው፣ «ጅማቷ ያርፋል፤ ወገቧ ይድናል፤ ፈረሰኛውም ከመሰናክል ፊት አይወረወርም። በይ አሁን ለባለቤቷ ጻፊልኝ።»

ልጅቷ አጎቷ እንዳሏት በስልኳ ጻፈች፦ «ጌታዬ፣ ባዝራዋ አልሰነፈችም፤ አሟት ነው። ኮቴዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሽያጩን ያቆዩልኝ።»

«‹እኔ ነኝ› የምትለዋን ላለዝባት?» አለች።

«እንዳለች ላኪያት።»

ተላከች። ዓርብ መልስ ሳይመጣ መሸ። ቅዳሜ ጠዋት ባለጋሪው ገመዱን ይዞ ጋጣው በር ላይ ሲቆም፣ አዛውንቱ የልጅቷን ስልክ ተቀብለው አዩ። ምንም መልስ አልነበረበትም። ባለጋሪው ባዝራዋን እየሳበ ሲሄድ፣ አዛውንቱ ከኋላ ቆመው አረማመዷን ተመለከቱ።