«ሕገወጥ» የሚለውን ቃል አልቀዳሁም

ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ወንበር ደርድራችሁ፣ ኬክ ላይ ስሜን አስጽፋችሁ ስለጠራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስሜ አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ ግድ የለም። በዚህ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የታወቅሁት በስሜ ሳይሆን በድምፄ ነው።

አዲሶቹ ላታውቁኝ ትችላላችሁ። ደውላችሁ የፈለጋችሁት ሰው ሲጠፋ፣ «ይቅርታ፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለዋ ሴት እኔ ነኝ። ታክሲ ውስጥ አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ጀመራት» ሲል አጠገቡ ተቀምጬ አውቃለሁ። መልስ አልሰጠሁትም፤ የሥራ ሰዓት አልነበረም።

ስለ ስጦታውም አመሰግናለሁ። የሚያምር ስልክ ነው። ግን በኛ ኔትወርክ ከሆነ፣ እናቴ ሰፈር ሲደርስ ሰዓት ከማሳየት ሌላ ሥራ አይኖረውም። ቅድም በር ላይ የሰው ኃይል ኃላፊዋ «እትዬ፣ አጠር ያድርጉትና ደስ ደስ የሚለውን ብቻ» ብላኛለች። አጠር አደርገዋለሁ። ደስ የሚለውን ግን ቃል አልገባሁላትም።

እናቴ የምትኖረው ከገደል ሥር ባለ ሰፈር ነው። እዚያ የኛ ኔትወርክ አይገባም። መደወል የፈለገ ሰው ገደሉ አናት ላይ የውኃ ታንከሩ እስካለበት ድረስ መቶ አርባ ደረጃ ይወጣል። እናቴም በሰባ አራት ዓመቷ በየሳምንቱ እየወጣች ትደውልልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስቱዲዮ ስገባ ስልኬን አጠፋለሁ። ታዲያ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ ስትደውል የምትሰማው እኔኑ ነው፣ «ማግኘት አይችሉም» ስላት።

«ልጄ፣ አንቺው አፍሽን ከፍተሽ እያወራሽ አልገኝም ትይኛለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው ከኔ ጋር አንቱ የተባባልነው?»

ያኔ ሁለታችንም ሳቅን። ባለፈው ክረምት ግን ዝናቡ ውስጥ ደረጃው ላይ አዳለጣትና ወደቀች። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ የቀረውን ደረጃ በሩጫ ወጥታ ደወለችልኝ። ደጋግማ ደወለች። ደጋግሜም «ማግኘት አይችሉም» አልኳት። በዚያ ሰዓት ስቱዲዮ ውስጥ ምን እየቀዳሁ ነበር? «እርስዎን ማገልገል ደስታችን ነው»። «ደስታችን» የሚለው ላይ ፈገግታ ይሰማ ተብዬ ሰባት ጊዜ ደገምኩት። እናቴን በተነቀለ በር ላይ አስተኝተው ነው ተሸክመው ያወጧት። ዛሬ ዳሌዋ ውስጥ ብረት አለ። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል፤ በራሴም ጭምር።

ለዚያ ሰፈር የኔትወርክ ምሰሶ ይተከል ብዬ ዘጠኝ ዓመት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ዘጠኙንም ዓመት የተሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «በአካባቢው በቂ ተጠቃሚ የለም።» ሦስት ሺህ ሰው እንደሌለ ተቆጠረ።

ሰፈሩ ግን እኛን መጠበቅ ሰለቸው። ሬዲዮ ጠጋኙ «እትዬ፣ የናንተን ምሰሶ ስንጠብቅ ልጆቻችን ሊዳሩ ነው» ብሎኝ ሥራውን ጀመረ። በኬብል ከሚገባው የትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መስመር፣ በትምህርት ቤቱ ፈቃድ፣ ከጣሪያ ጣሪያ በትንንሽ አንቴና እየተቀባበሉ በየቤታቸው አስገቡት። እናቴ አሁን አልጋዋ ላይ ሆና በኢንተርኔት ትደውልልኛለች። መጀመሪያ የደወለች ቀን ያለችው ምን መሰላችሁ? «አንቺ ነሽ ወይስ ያቺ አንቱ ባይዋ?»

ይህ በሆነ በስድስት ወር ውስጥ እኛስ ምን አደረግን? የገበያ ክፍል ኃላፊው አንድ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ከዚያ ሰፈር በኢንተርኔት ወደኛ ቁጥር ለሚደውል ሰው የሚሰማ መልእክት ነው፦ «የሚጠቀሙበት ሕገወጥ የሰፈር ኔትወርክ ለደህንነትዎ አስጊ ነው፤ በአስቸኳይ ያቋርጡ።»

«ሕገወጥ ነው ያለው ማነው?» አልኩት።

«ጉዳዩ ገና እየታየ ነው።»

«እየታየ ከሆነ ምን አስቸኮለን?»

«ደንበኛ እየነጠቁን ነዋ። ያንቺን ድምፅ ደግሞ ሕዝቡ ያምነዋል።»

«ሰው የለበትም ያላችሁት ሰፈር ከየት አምጥቶ ነው ደንበኛ የሚነጥቀን?»

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ። ከሥሩ ሁለተኛ መልእክት ነበረ፤ የኢንተርኔት ጥሪ ተቆራረጠብኝ ብሎ ለሚያማርር ደዋይ «ችግሩ የሚጠቀሙበት መተግበሪያ ነው» የሚል። የሚቆራርጠው ማን እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምታውቁ አላችሁ። መስመሩን ሆን ብለን የምናንቀው እኛው ነን። ማን እንደነገረኝ አትጠይቁኝ፤ ኬኩን በሰላም ይብላ።

አልቀዳሁም። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ሲቀረው ዛሬ ኬክ የቆረስነው ለዚህ ነው፤ በሌላ በሌላ ምክንያት እርስ በርሳችን አንሸዋወድ።

አሁን የምፈራው አንድ ነገር ነው። ድምፄ እዚህ ይቀራል። ቃል በቃል፣ ቁጥር በቁጥር የቀዳሁት ሁሉ መዝገብ ቤት አለ፤ ቀጣጥሎ አዲስ ዓረፍተ ነገር መሥራት ቀላል ነው። እናቴ አንድ ቀን ደውላ፣ ከኔ ጋር የሚያገናኛትን ነገር አቋርጪ ብዬ እኔው ሳዝዛት ብትሰማስ? ስለዚህ ከስቱዲዮው ባልደረባዬ፣ «ጆሮ» ከምንለው የድምፅ ባለሙያ ጋር፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን መዝገቡን ፈተሽን። «ደህንነት» አለ። «ያቋርጡ» አለ። «ኔትወርክ»ማ ሞልቷል፣ ከናንተ ምሰሶ ይበልጣል። «ሕገወጥ» የሚለውን ቃል ግን በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አልቀዳሁም። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አያስፈትሹ፣ አይገኝም። ሌላ ሴት ካመጣችሁም እሷም እናት ይኖራታል፤ መጀመሪያ የት እንደምትኖር ጠይቋት።

ባልደረቦቼን ግን በአንድ ዓይን አላይም። ለዓመታት አብራችሁኝ የሠራችሁ፣ እናቴ ስትታመም ተራ ገብታችሁ ያስታመማችሁልኝ፣ እናንተን እወዳችኋለሁ። ንዴቴ በናንተ አይደለም። ስልኩንም እወስደዋለሁ፤ ለእናቴ ነው። ሬዲዮ ጠጋኙ ከሰፈሩ ኔትወርክ ጋር ያገናኝላታል፣ ሰዓት ሆኖ አይቀርም።

ምሰሶ የምትወጡ፣ በሰላም ውረዱ። የጥሪ ማእከል ልጆች፣ የሰው ቁጣ ቤታችሁ ድረስ አይከተላችሁ። አለቆቻችን፣ ልቦና ይስጣችሁ። ሁላችሁንም የምትደውሉለትን ሰው አያሳጣችሁ። ስትደውሉም፣ እኔ ሳልሆን የፈለጋችሁት ሰው ያንሳው።