የሰማይ አቧራ የምታጠናው የእህቴ ልጅ

የእህቴ ልጅ ሜሮን ለፋሲካ አዳማ መጥታ ምሳ ላይ፣ «ለመሆኑ የምታጠኚው ምንድን ነው?» አልኳት። «በትናንሽ ጋላክሲዎች ውስጥ ያለ ቀዝቃዛ አቧራ፣ ጋሼ» አትለኝም? «ለአቧራ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ትምህርት? በሩን ከፍተሽ ብትቀመጪ ነፋሱ እዚሁ ያመጣልሽ ነበር» ብዬ ሁሉንም በሳቅ ገደልኳቸው። እሷም እየሳቀች፣ «ያኛው በዓይን አይታይም፤ በኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ትንሿን ሙቀቱን ነው ከሩቅ የምንይዘው» አለችኝ።

ይሄኔ እህቴ እጇን ከትሪው ሰበሰበች። ትልቁ ልጇ በሱዳን በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። «ሰውስ ያሳያል? ሰውም እኮ ይሞቃል» አለች።

ሜሮን አንገቷን ደፍታ፣ «እማዬ፣ እሱ የሚያየው ወደ ላይ ብቻ ነው» አለቻት።

«እንግዲያው ተዪው» አለች እህቴ። «ልጄ እዚያ የለም።»